የአክስቴ ጉድጓድና ተጨማሪው ጥናት

ስለ ውሃና ስለ ካንሰር የሚጻፈውን ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሐኪም አይደለሁም፣ የኬሚስትሪ ሰውም አይደለሁም። እንጅባራ ግን ክረምቷ ረጅም ነው፤ ሰው በዝናብ ቤቱ ውስጥ ሲታሰር ወይ ያገባል ወይ ያነባል። እኔ አነበብኩ። መብራትና ኔትወርክ በአንድ ጊዜ የተገናኙ ቀን ብርድ ልብሴን ደርቤ፣ ስልኬን ከፍቼ፣ የዓለም ሳይንቲስቶች ሰሞኑን ምን እየፈሩ እንደሆነ አጣራለሁ።

ፍርሃትም እንደ ሱሪ ፋሽን አለው፤ አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠብባል። እኔ ማንበብ ስጀምር የሁሉም ዓይን አርሴኒክ ላይ ነበር፤ ከአለት ሟሙቶ ወደ ጉድጓድ የሚገባ፣ ቀለም የሌለው፣ ሽታ የሌለው፣ ጥፋቱ ግን የተረጋገጠ መርዝ። ችግሩ የተረጋገጠ ነገር ለተመራማሪ ብዙም እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ ተራው ወደ ማዳበሪያ ዞረ፤ ከማሳ ታጥቦ ውሃ ውስጥ የሚገባው ናይትሬት ጨጓራ ውስጥ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ተጀመረ። ቀጥሎ ውሃውን ለማዳን የምንጨምረው ክሎሪን ራሱ ተጠረጠረ፤ ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ሲገናኝ የሚወልዳቸው ልጆች ጠባያቸው ጥሩ አይደለም ተባለ። ያልታከመው ውሃ ዛሬ በተቅማጥ ይገድልሃል፣ የታከመው ደግሞ ለጡረታህ ያስብልሃል ማለት ነው። ሰው ፈርቶ ወደ ታሸገ ውሃ ሲሸሽ ጥናቱም ተከትሎት ሄደ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ዓይን የማያየው የፕላስቲክ ብናኝ ተገኘ።

እነዚህ ሁሉ ጽሑፎች በብዙ ነገር አይስማሙም። በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን እንደ አንድ እናት ልጆች ይመሳሰላሉ፤ “ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል” ይላሉ። እኔ ይህችን ዓረፍተ ነገር በጣም ወደድኳት። ሻይ ቤት ወዳጆቼ “መቼ ነው የምታገባው?” ሲሉኝ “ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል” እላቸዋለሁ። ዝናቡ መቼ ያባራል ሲባል ያው ነው። ምርጫው፣ ሰላሙ፣ የአስፋልቱ ጥገና፣ ሁሉም ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል። ቀልዱ ከአክስቴ በር እስኪደርስ ድረስ እንዲህ ሲያገለግለኝ ኖረ።

አክስቴ የሚኖሩት ከዳንግላ ወጣ ብሎ ነው። ከእንጅባራ በሚኒባስ ዳንግላ፣ ከዳንግላ በጋሪ፣ ጋሪው እምቢ ካለበት ጭቃ ጀምሮ ደግሞ በእግር ይደረሳል። ግቢያቸው ውስጥ አጎቴ ገና ሲጋቡ የቆፈሩት ጉድጓድ አለ። አፉ በድንጋይ የተካበ፣ በቆርቆሮ የሚከደን፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚቀዳበት ጉድጓድ ነው። አክስቴ በዕድሜያቸው ሹመት ይዘው አያውቁም፤ ግን የጉድጓድ ባለቤት መሆን ከሹመት አያንስም። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ እንደታጨች፣ መጀመሪያ የሚሰማው ገመዱ ዘንድ ነው። አክስቴም ገመዱ ዘንድ ዱካ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር፤ አንዳንዱን በአማርኛ፣ ዋና ዋናውን በአውኚ።

ባለፈው ዓመት አጎቴ በጨጓራ ካንሰር አረፉ። ከእሳቸው በፊት ከጎረቤት አንዲት ሴት በዚያው በሽታ ሄዳ ነበር። መንደሩ ሁለቱን ደመረ። ሁለቱም ከዚያ ጉድጓድ ጠጥተዋል። ከዚያው ጉድጓድ ጠጥተው በሕይወት ያሉት ሁሉ ግን ከሒሳቡ ውጭ ቀሩ፤ በሕይወት ያለ ሰው መቼም ማስረጃ ሆኖ አያውቅም። ሴቶቹ ቀስ በቀስ ከታች ካለው ምንጭ መቅዳት ጀመሩ። ለአክስቴ ማንም ምንም አላላቸውም። በበራቸው ሲያልፉ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ በጀርባቸው ያለውን ቢጫ ጀሪካን ግን በነጠላ ይሸፍኑታል። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም ነፍሰ ጡር የሆኑ ይመስላሉ፤ በተሳሳተው በኩል።

አክስቴ ደወሉልኝ። ስልክ ላይ ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ የዚያን ቀን ግን አሳጠሩት።

“አንተ የምታነበው ስለ ውሃ ነው አሉ።”

“አዎ፣ ስለ ውሃም አነባለሁ።”

“እንግዲያውስ ና። ጉድጓዱ ነው አጎትህን የበላው? እሱን ንገረኝ።”

“አክስቴ፣ እንዲህ በቀላሉ የሚታወቅ አይደለም...”

“በቀላሉ አላልኩህም። ቀድቼ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ሌላው ቢያማኝ ግድ የለኝም፤ እኔ ግን ማወቅ አለብኝ።”

ለዚህ የሚሆን ቀልድ አልነበረኝም። ለሁለተኛ ዲግሪዋ በአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ላይ የምታጠና አንዲት ወጣት መምህርት አውቅ ነበር። ሻይ ቤት ስለ ናይትሬት ስንከራከር ነው የተዋወቅነው፤ እሷ ማዳበሪያውን ትከሳለች፣ እኔ ልማዴ ስለሆነ ጠበቃ እቆምለታለሁ። የአክስቴን ጉድጓድ ከምታጠናቸው አንዱ እንድታደርገው ለመንኳት። “ጋሼ፣ ካንሰር ያለበት ቤት ከሆነማ ደስ ይለኛል” አለች፤ ከዚያ የተናገረችው ገባትና ደነገጠች። አልተቀየምኳትም። የሙያ ደስታ ጨዋነት የለውም።

አብረን ሄድን። መምህርቷ ከቦርሳዋ ቡናማ የመስታወት ጠርሙስ አወጣችና ለአክስቴ አስረዳች። ውሃው መቀዳት ያለበት ጠዋት፣ ማንም ገመዱን ሳይነካው ነው። እሷ ግን በዚያው ጠዋት ወደ ሌሎችም ጉድጓዶች መሄድ ስላለባት ጠርሙሱን እዚያው ትተዋለች፤ አክስቴ ሞልተው፣ ከድነው ያቆዩላታል።

“ጠርሙሱ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው፤ እንዳያጥቡት፣ ምንም እንዳይነካው፣ እሺ እማማ?”

“እሺ፣ የኔ ልጅ” አሉ አክስቴ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስተው አገላበጡት። “የት ነው የሚሄደው?”

“ትልቅ ላቦራቶሪ።”

“እዚያ ሰው አለ?”

“ባለሙያዎች አሉ።”

“ብዙ ናቸው?”

“ኧረ ብዙ ናቸው፣ እማማ።”

“ይቀምሱታል?”

“አይቀምሱትም፤ በመሣሪያ ነው የሚያዩት።”

አክስቴ ጠርሙሱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። “እሱንስ እነሱ ያውቃሉ” አሉ። እኔ ይህን ሁሉ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ምንም አልታየኝም። የሰው አገር ወንዝ ውስጥ ያለውን መርዝ በስሙ የምጠራ ሰው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ሴትዮ ምን እያሰቡ እንደሆነ አልጠረጠርኩም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን መምህርቷ ደወለች፤ ድምፅዋ ሎተሪ የወጣለት ሰው ድምፅ ነበር።

“ጋሼ! አርሴኒክ የለም። ናይትሬትም ከሚፈራው በታች ነው።”

“ታዲያ ምን አስደሰተሽ?”

“የእንጨትና የከሰል ጭስ ውስጥ የሚገኙ ውህዶች አሉ፤ ጉድ ነው! ከእነሱ መካከል ካንሰር አምጪ መሆናቸው የታወቁ አሉበት። ከሌሎቹ ጉድጓዶች በአንዱም የለም። ርዕሴን ልቀይር ነው። ከሰሉ ነው፣ ጋሼ። ዲከረንሱ ነው!”

አካባቢያችንን ለማያውቅ፣ ዲከረንስ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ነው። በአዊ ገበሬው ማሳው ላይ ይተክለዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ያከስለዋል፤ ከሰሉ በጭነት መኪና ወደ ከተማ ይሄዳል። በየማሳው ዳር ከአፈር ክምር ሥር ቀስ ብሎ የሚወጣ ጭስ አለ። መምህርቷ እንደምትለው ጭሱ በዝናብ ታጥቦ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፣ ከዚያ ጉድጓድ ይገባል። አሳማኝ ነበር። እንዲያውም በጣም አሳማኝ ስለነበር ደስ አላለኝም፤ እንዲህ ተስተካክሎ የሚገጥም ነገር ሳይ የሚቆረቁረኝ ጠባይ አለኝ። ግን የምቃወምበት ምንም አላገኘሁም። ከአክስቴ ግቢ ጀርባ ደግሞ በርግጥ የጎረቤት የከሰል ክምር ይጨሳል።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አክስቴ መንደር ደረሰ። የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ የጉድጓዱን ቆርቆሮ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገበት። ስደርስ ከሳሹና ተከሳሹ ግቢው ውስጥ ነበሩ፤ አክስቴ ዱካቸው ላይ፣ ጎረቤታቸው ባለ ከሰሉ ቆሞ፣ ፈረሱን በልጓሙ እንደያዘ።

“እትዬ፣ እኔ ነኝ እንግዲህ ባለቤትዎን የገደልኩት? ልቅሶው ላይ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ!”

“ገደልክ አላልኩም። ጭስህ ነው ነው ያልኩት።”

“ጭሴ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ጉድጓዱ ወደ ታች ነው። ጭስ መሬት ሲቆፍር አይተው ያውቃሉ? ይኸው ፈረሴ፣ ከእርስዎ ጉድጓድ ሌላ አይጠጣም። በየበዓሉ ሲጋልብ ከእሱ የሚቀድም አለ? ካንሰር ያለበት ፈረስ እንዲህ ነው?”

“ፈረስህ የምስክር ዕድሜ አልደረሰም” አሉ አክስቴ።

“የእርስዎ ምላስ ግን ደርሷል!” ብሎ ወደ እኔ ዞረ። “ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ይፍረዱን እስቲ።”

እኔ ከጋሪው ጀምሮ በእግሬ ስለመጣሁ ከመፍረዴ በፊት ውሃ ጠየቅሁ። አክስቴ ሁለቱንም ጥለው ተነሡ። ጠብ ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነው። ምድጃው ዘንድ ካለው ፍም ላይ የወይራ ስንጣሪ ጣሉ፤ ጭሱ ሲነሳ ብርጭቆውን በአፉ ደፉበት። ጭሱ ብርጭቆውን ሞልቶ ነጭ ሲሆን አነሱት፣ ውሃውን ከጀሪካን ቀዱበት፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በልጅነቴ እዚህ ቤት የጠጣሁት ውሃ ሁሉ እንዲህ ነበር። ባልታጠነ ዕቃ ውሃ መስጠት ለአክስቴ ያልታጠበ እጅ ለሰላምታ እንደመዘርጋት ነው፤ ለውሻ ይሆናል፣ ለሰው አይሆንም።

ግማሹን ጠጥቼ ቆምኩ። ያ ጣዕም፣ ምላስ ላይ የሚቀረው የወይራ ምሬት፣ አፌ ውስጥ እያለ አንድ ነገር ታየኝ።

“አክስቴ፣ ያንን ጠርሙስ ምን አደረጉት?”

“የቱን?”

“መምህርቷ የሰጠችዎትን።”

“ሞላሁትና ሰጠኋት።”

“ከመሙላትዎ በፊት?”

አክስቴ እንደተናደደ ሰው ቀና አሉ። “ታዲያ እንዲሁ ልስጣት? ለስንት ሰው የሚሄድ ውሃ? ‘ብዙ ናቸው’ ብላ ስትነግረኝ አልሰማህም? የማን ቤት ነው ይበሉኝ?”

“አጠኑት?”

“ሁለት ጊዜ። አፉ ጠባብ ስለሆነ የመጀመሪያው አልያዘለትም።”

ባለ ከሰሉ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ልጓሙን ለቅቆ ጭንቅላቱን ያዘና ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ፈረሱ ብቻ ነበር ጨዋ። የላቦራቶሪው መሣሪያ ያገኘው፣ እኛም የተከራከርንበት ያ ሁሉ መርዝ የአክስቴ መስተንግዶ ነበር። “ጉድጓዱ አይደለም!” አልኳቸው፤ እየጮህኩ ሳይሆን አይቀርም። “ከሰሉም አይደለም። ጭሱ ከጠርሙሱ ነው፤ እርስዎ ያጠኑት የወይራ ጭስ ነው!” ባለ ከሰሉ የአክስቴን ትከሻ ሳመ። “እትዬ፣ ነጻ አወጡኝ!” አለ። አክስቴ አልሳቁም። እኔ በደስታዬ ልብ አላልኩትም።

መምህርቷን በስልክ ስነግራት ርዕሷ እጇ ላይ ሲሞት እየሰማሁ ነበር። “ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?” አለች። “እንዳይታጠብ አልኩ እንጂ እንዳይታጠን አላልኩም።” ለሐቀኝነቷ አከበርኳት፤ በማግስቱ ሌላ ጠርሙስ ይዛ መጣች። በዚህኛው አክስቴን ገመዱን እንኳ አላስነካቻቸውም፤ ራሷ ሳበች፣ ራሷ ቀዳች። አክስቴ ዱካቸው ላይ ሆነው ያንን ራቁት ጠርሙስ ሲሞላ ማየት አቅቷቸው ፊታቸውን ወደ ዲከረንሱ አዞሩ።

“ስሜን እንዳትጽፊበት” አሏት።

“የቁጥር ምልክት ብቻ ነው የምጽፈው፣ እማማ።”

“ቁጥሩንም ሌላ አድርጊው።”

ሁለተኛው ምርመራ የጭስ ርዝራዥ እንኳ አላገኘም። አፍልታችሁ ጠጡ ከሚባለው፣ ለሁሉም ጉድጓድ ከሚሰጠው ምክር በቀር አክስቴን የሚመለከት ነገር አልነበረውም። ኮሚቴው ቀዩን ቀለም ሊፍቅ መጣ፣ አልለቅ ሲለው ቆርቆሮውን ገለበጠው። ቢጫዎቹ ጀሪካኖች ተመለሱ። ሴቶቹ አንድም ቀን እንዳልቀሩ ሆነው ገመዱ ዘንድ ተሰበሰቡ፤ በሩቁ ምንጭ መንገድ ላይ ያጠራቀሙትን ወሬም ይዘው መጡ። ባለ ከሰሉም ጭሱ ነጻ ስለወጣለት እንደ ጀግና ይዘዋወር ነበር።

አክስቴ ግን አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁሉም ሲሄድ አስቀሩኝ። የጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

“ያ ጠርሙስ ውስጥ ያገኙት” አሉ፣ “ያ ካንሰር ያመጣል ያሉት።”

“አዎ።”

“ከእኔ ጭስ ነው።”

“ከወይራው ጭስ ነው፣ አዎ።”

“አጎትህ ባልታጠነ ዕቃ ውሃ አይቀምስም ነበር። ታውቃለህ። ማሳ ሲሄድ እንኳ የሚይዘውን ቅል አጥኜ ነበር የምሰጠው። ከተጋባን ጀምሮ።” ነጠላቸውን አስተካከሉ። “እንግዲህ ጉድጓዱ ካልሆነ፣ ጭሱ ነው?”

ያኔ ገባኝ። እኔ ለሳምንታት ስደሰት የነበረው ጉድጓዱን ነጻ አውጥቼ ባለቤቲቱን በቦታው አስሬ ነው። ከአለቱ፣ ከማዳበሪያው፣ ከከሰሉ ሁሉ የተረፈው ጥፋት ዞሮ ዞሮ አንዲት ሴት ባሏን የምትወድበት መንገድ ላይ አረፈ፤ እዚያ ያሳረፈው ደግሞ የእኔ ጩኸት ነው።

ያነበብኩትን ሁሉ በጭንቅላቴ አገላበጥኩ። ጭስ ውስጥ ያሉት አንዳንዶቹ ውህዶች አደገኛ እንደሆኑ ይታወቃል። ሁለት ጊዜ የታጠነ ጠባብ ጠርሙስ፣ ተከድኖ ቀናት የሰነበተ፣ አንድ ነገር ነው፤ ተጠጥቶ ወዲያው የሚመለስ ብርጭቆ ሌላ ነው። ብርጭቆው ላይ የሚቀረው ምን ያህል ነው? ጨጓራን ምን ያደርገዋል? አጎቴ ጨው የበዛበት ይበሉ ነበር፣ አረቄም አይጠሉም ነበር፣ ጨጓራቸውን ለዓመታት ያማቸው ነበር። ከእነዚህ የትኛው? ልዋሽላቸው እችል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አጉል ማጽናኛ ስነቅፍ ኖሬ፣ አንድ የማጽናኛ ውሸት ለማበጀት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

“አይታወቅም፣ አክስቴ። ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል።”

እያሾፍኩ እንደሆነ ለማየት ፊቴን አዩት። እኔም ራሴን እያሾፍኩ እንደሆነ አየሁት። አልነበረም። ለዓመታት የሳቅሁባት ዓረፍተ ነገር፣ ያን ቀን ከማውቃቸው ቃላት ሁሉ እውነት የነበረችው እሷ ብቻ ነበረች።

“አይታወቅም ነው ወይስ አትነግረኝም?”

“አይታወቅም።”

“ያቺ ልጅስ?”

“እሷም አታውቅም።”

“እነዚያ ብዙዎቹ?”

“እነሱም።”

“እንዴት ያለ ትምህርት ነው እናንተስ?” አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ግን ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ሸክም ለአፍታ መሬት ያስቀመጠ ሰው ትንፋሽ ነበረበት።

“አንድ የሚታወቅ ነገር አለ” አልኩ። “ከብርጭቆው ይልቅ ምድጃው ዘንድ የሚተነፍሱት ጭስ ነው የሚጎዳዎት። ለቤቱ ጭስ ማውጫ ቢሠራለት ጥሩ ነው።”

“እሱንማ ሳንባዬ ነግሮኛል። እሱ ዲግሪ አልጠየቀም።”

ጭስ ማውጫውን ባለ ከሰሉ ሠራላቸው፤ ስለ ጭስ የሚያውቅ ሰው እሱ ነው በሚል። በክረምቱ መጨረሻ ስሄድ አክስቴ ውሃ ሊሰጡኝ ተነሡ፤ ሁለት ብርጭቆ ይዘው መጡ። አንዱ ታጥኗል፣ አንዱ አልታጠነም። ለሁሉም እንዲህ እንደሚያቀርቡ ጎረቤቶቹ ነግረውኛል፤ ሽማግሌዎቹ የታጠነውን፣ ወጣቶቹ ያልታጠነውን ያነሳሉ፤ አክስቴም ምንም ሳይሉ ያያሉ።

እኔንም ምንም ሳይሉ አዩኝ። እነዚያ ሁሉ የማነባቸው ጽሑፎች በዓይኔ አለፉ። የታጠነውን አነሳሁና ጨለጥኩት።

“አልፈራህም?” አሉ አክስቴ።

“ፈርቻለሁ።”

“ታዲያ?”

“ጠምቶኛል።”

ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበሉና ሳይጠይቁኝ፣ ፍሙ ላይ ሌላ የወይራ ስንጣሪ ጣሉ።